ማን እንበልሽ?

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በአዘዞ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ። ሁለት መቶ በሚጠጋው ኪሎ ሜትር ውስጥ አገሩ ሌላ ይሆናል። ባሕር ዛፉና ጤፉ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ማሽላና ሰሊጥ ይጀምራሉ፤ የዕጣን ዛፎች በድንጋያማው ተረተር ላይ ራቁታቸውን ይታያሉ። ጊዜው የ2015 ጥቅምት መጨረሻ፣ የሰሊጥ አጨዳ የሚገባደድበት ወቅት ነበር።

የአጎቴ ልጅ በመተማ ወረዳ መሬት ተከራይቶ ሰሊጥ ያርሳል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ የዕድሜዬን እኩሌታ ካናዳ ስለኖርኩ ቆላውን አላውቀውም። «ነይና አገርሽን እይ» ሲለኝ መጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ገና ጭልጋ ሳንደርስ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ባለትዳር ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እናቴ።»

«ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

ጥቂት ዝም አሉና እጄን ያዝ አድርገው «እሱ ያውቃል፣ አይዞሽ» አሉኝ። ኬላ ላይ መታወቂያዬን ያየው ፖሊስም ያንኑ ጠየቀኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ ባደርኩበት ሆቴል መዝገብ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል አምድ ነበር። አልፌው መዝገቡን ብመልስ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ በትሕትና «እትዬ፣ ይቺን አልሞሏትም» አለኝ። «ያላገባች» ብዬ ጻፍኩ።

እውነት ነው፣ አላገባሁም። ግን ያላገባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ያጣ አለ፣ የሚጠብቅ አለ፣ የተከዳ አለ፣ ለእግዜር የተሳለ አለ። እኔ ከእነዚህ ውስጥ የለሁበትም። ፍቅር ይዞኝ አያውቅም። እናቴን እወዳለሁ። ያለ እነሱ ሕይወቴን የማላስበው ጓደኞች አሉኝ። የእኅቴ ልጆች ሲስቁ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። ዘፈን የሚዘፈንለት፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ አንድን ሰው ከሰው ሁሉ ለይቶ ልብ ላይ የሚያነግሠው ነገር ግን ወደ እኔ አልመጣም። ከእሱ አልሸሸሁም፤ በር ዘግቼበትም አይደለም። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ የሚመጣበትን ቀን ስጠብቅ ነበር የኖርኩት።

በውጭው ዓለም ለዚህ ስም ወጥቶለታል፤ አሮማንቲክ ይሉታል። ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ፍቅር የያዘው ሰው የሚገባበትን ሁኔታ «ሊመረንስ» ብላ ሰይማዋለች። ብዙ ሰው ስታነጋግር ያንን ሁኔታ ፈጽሞ የማያውቁ፣ ሌላው ሲያወራው ማጋነን የሚመስላቸው ሰዎችም አገኘች። የእሷ መጽሐፍ እነዚያን ሰዎች የጠራቸው ያ ነገር የሌላቸው ብሎ ነው፤ በጎደላቸው። የራሳቸው ስም የመጣላቸው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አሴክሹዋል ነን ከሚሉት ጋር መነጋገር ሲጀምሩ ነው። አሴክሹዋል የሥጋ ፍላጎት የማይሰማው ነው፤ አሮማንቲክ የፍቅር ስሜት የማይሰማው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ላይገናኙም ይችላሉ። የሥጋ ፍላጎት ኖሮት ፍቅር የማይዘው ሰው አለ፤ ከሁሉም ክፉ ስም የሚሰጠው ለእሱ ነው፤ አታላይ ይባላል፣ ሴሰኛ ይባላል፣ ልብ የለውም ይባላል።

ከዚህ ከዋናው ስም ሥር ሌሎች ስሞች ወጡ። ዴሚሮማንቲክ የሚባለው ከአንድ ሰው ጋር ብዙ ተቀራርቦ ከቆየ በኋላ ብቻ ፍቅር የሚሰማው ነው። ግሬይሮማንቲክ አልፎ አልፎ፣ ያውም ደክሞ የሚሰማው። አኮይሮማንቲክ ፍቅር ይይዘዋል፤ ነገር ግን የወደደው ሰው መልሶ እንዲወደው አይሻም፤ ሲወደድ ስሜቱ የሚጠፋበትም አለ። ኩፒዮሮማንቲክ ስሜቱ የለውም፤ ትዳሩን፣ አብሮ ማርጀቱን ግን ይመኛል። ክዎይሮማንቲክ ደግሞ ፍቅር የት አብቅቶ ወዳጅነት የት እንደሚጀምር ለይቶ መናገር የማይሆንለት ነው።

በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ የካቲት፣ ከቫለንታይን ቀን ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ አሮማንቲክ የሆኑ ሰዎች ስለራሳቸው የሚናገሩበት ሳምንት አለ። ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ተሰብስበን እናውቃለን። ክርክራችን ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ ስም ይብዛ ወይስ ይነስ? አንድ ወጣት «ኩፒዮሮማንቲክ» የሚለውን ስም ያገኘበትን ቀን ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤተሰብ እየተመኘ ማንንም ማፍቀር አለመቻሉ እብደት ይመስለው ነበርና። ከእሱ ቀጥሎ የተናገሩ ሽማግሌ ግን እነዚህ ስሞች ሌላ ፈተና ሆኑብኝ አሉ፤ ጠዋት ተነሥቼ ዛሬ የትኛው ነኝ ማለት ደክሞኛል አሉ። እኔ ለራሴ ሰፊውን ስም ይዣለሁ፤ ይበቃኛል። ትንንሾቹን ስሞች የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ ግን እቆጣለሁ። ለአንዱ ጠባብ የሆነ ስም ለሌላው ልክ ነው፤ ልኩ የሆነለት ሰው ያን ስም ከማግኘቱ በፊት ምን ያህል ሌሊት እንዳለቀሰ ናቂው አያውቅም።

ከአገር ልጆች ጋር ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ ብቻውን አይመጣም፤ ባንዲራ ይዞ፣ ከሌሎች ቃላት ጋር ተሰልፎ ይመጣል። እነዚያን ሌሎች ቃላት የሰማ ያገሬ ሰው ከዚያ ወዲያ መስማቱን ይተዋል። በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚከለክለው በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ፍቅር ስላልያዘው ሰው የሚናገር አንቀጽ የለም። ሆኖም ጥርጣሬ አንቀጽ አይጠይቅም። ያ አንቀጽ የሚነካቸውን ሰዎች ብቻቸውን ትቼ የራሴን ነጻነት መናገር አልፈልግም። ቃሉን ካገር ቤት ሰው ጋር ሳነሣ የምፈራውም በራሴ ብቻ አይደለም።

ስም ይብዛ ይነስ ሲባል አሁን ጭልጋ ትመጣብኛለች፤ አይከልን አልፌ የወረድኩባት አገር። በ1986ቱ የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ብሔረሰቡ ቅማንት ተብሎ ተቆጥሮ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ግን ያ ስም ቅጹ ላይ አልነበረም። ሰዎቹ ነበሩ፣ ቤታቸውም ነበረ፣ የሚጽፉበት መስመር ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በጭልጋ፣ በመተማ፣ በገንዳ ውሃ አካባቢ በዚሁ የማንነት ጥያቄ ዙሪያ የፈሰሰውን ደም የአካባቢው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ብዙዎች ጎረቤት ከጎረቤት ተጎዳድተዋልና። የእኔን ነገር ከዚያ መከራ ጋር አላስተካክልም፤ ሚዛኑ አይገናኝም። ነገር ግን ስም ከቅጽ ላይ ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሰማው፣ ስም ደግሞ የአንዱ አጥር ለሌላው ጠላትነት ሲሆን ምን እንደሚመጣ፣ ሁለቱንም ያየ አገር ውስጥ ነበርኩ። በቶሮንቶው ክፍል ውስጥ ስም ይብዛ ይነስ ብለን ስንሟገት ያላሰብኩትን ክብደት እዚህ አሰብኩት። ሰው ስሙን ራሱ ይያዝ፣ ራሱ ይተወው፤ ሲይዝም ሲተውም የሚቆጣው አይኑር። ከዚህ ያለፈ ደንብ ማውጣት አልወድም።

እርሻው ከገንዳ ውሃ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ ነው። የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ ጫፉ ወደ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ሲደርቅ ፍሬው ከላይ በኩል ይከፈታል፤ ከዘገየ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር እጅ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከወሎ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወርዳል። ወባ አለ፤ ካላዛር አለ፤ ሙቀቱ አለ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ገንዘቡን ይዘው ይመለሳሉ፤ አንዱ በሬ ሊገዛበት፣ አንዱ ሊያገባበት። የማይመለሱም አሉ። ክረምትና በጋ እዚሁ እየሠሩ ዓመታት ያሳለፉትን፣ አገሩን እንደ ተወላጅ የሚያውቁትን ሠራተኞች «ሳሉግ» ይሏቸዋል።

ከእነሱ አንዱ፣ ሃምሳውን የሚጠጉ የጋይንት ሰው፣ በምሳ ሰዓት ከዳስ ጥላ ሥር አጠገቤ ተቀመጡ። የአጎቴ ልጅ «አያ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ስለ አገራቸው ጠየቅኳቸው፤ ስለ እናታቸው ሞት፣ ስለ እኅታቸው ልጆች ነገሩኝ። የሚያገኙትን ለእነዚያ ልጆች ይልካሉ፤ አንዱ መምህር ሆኗል። ከዚያ እሳቸው በተራቸው ጠየቁኝ፤ አላገባሁም አልኩ። እንደ ሌሎቹ «አይዞሽ» አላሉኝም።

«እኔም አላገባሁ» አሉ። «ሴት ጠልቼ አይደለም። በወጣትነቴ ጓደኞቼ ስለ አንዲት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። ቃሉን እሰማለሁ፣ ነገሩ አይገባኝም። ይመጣል አሉኝ። አልመጣም። ቤቱ ጠበበኝ፤ በየሰርጉ 'ያንተስ?' ነው። ወደዚህ ወረድኩ።»

«እዚህስ አይጠይቁዎትም?»

«ሳሉግን ማን ይጠይቃል? ሳሉግ ነው ይባላል፣ አለቀ። አጥቶ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። አጥቶ ነው መባል ምን ሆኖ ነው ከመባል ይሻላል።»

ይህን ሲሉ አላዘኑም። ለሌላ ነገር የወጣን ስም እንደ ጥላ አንስተው ሥሩ ተቀምጠዋል። እኔ በቶሮንቶ ከብዙ ስሞች መካከል ትክክለኛውን ስፈልግ ዓመት ፈጅቼአለሁ፤ እሳቸው የፈለጉት ትክክለኛውን ሳይሆን ጥያቄ የሚያስቆመውን ነበር። ሁለቱም መምረጥ ነው። የእሳቸው ዋጋ ግን ከብዶ ታየኝ፤ እናታቸውን በሕይወት ሳሉ የጦሯቸው፣ ሲሞቱም የቀበሯቸው ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው ሩቅ ነበሩ። የእኔን ቃል ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና «ሌላም ሰው አለ ማለት ነው?» አሉ። አለ አልኳቸው፤ በየአገሩ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁና ሠራተኞቹ ሲነሡ አብረው ተነሡ።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ጥላ ብዙ ነው። የመተማ ዮሐንስ ከተማ ስሟን የወረሰችው ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው፤ በመጋቢት 1881 ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው እዚህ ቆሰሉ፣ ሞቱም። ንጉሡ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሌላ ሚስት ሳያገቡ ነው የኖሩት፤ በዘመኑ ለነበረ ንጉሥ ብርቅ ነገር ነው። ማንም ግን ምን ሆነው ነው አላለም፤ አገሩ በንጽሕና ለኖረ ሰው የተዘጋጀ ክብር አለውና። በዚያው ቆላ በስተደቡብ በኩል ያለችው ቋራ ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ናት፤ ስለ እሳቸው ሲወራ ለተዋበች የነበራቸው ፍቅር ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ ስላፈቀሩ ይታወሳሉ፣ አንዱ ስለተቆጠቡ። ሁለቱንም እናውቅበታለን። ቆብ የደፋ፣ ገዳም የገባ፣ ሚስቱ ሞታበት ልጁን ብሎ የተቀመጠ፣ ሁሉም ቦታ አለው። ሳይቆጠብ፣ ሳይሳል፣ ሳያዝን፣ እንዲሁ ፍቅር ያልያዘው ሰው ግን ከእነዚህ የአንዱን ልብስ መዋስ አለበት። መነኮሳትን ከልቤ አከብራለሁ። የእነሱ ነገር ስእለት ነው፣ ተጋድሎ ነው፤ እኔ የታገልኩት ፍላጎት የለም። የእነሱን ክብር መልበስ ለእነሱም ለእኔም እውነት አይሆንም።

ድልድዩን በእግር ተሻግሬ ገላባት ገባሁ። ከድልድዩ ማዶ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ባማርኛ አወራችኝ፤ እዚያ የሚነግድ ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል። ከስኳሩ በፊት ባሌን ጠየቀችኝ። የለኝም ስላት ትዳር የሃይማኖት እኩሌታ እንደሆነ ነገረችኝ፤ በእውነተኛ ሐዘን ነው የነገረችኝ፤ ሂሳቡንም አልቀበልም አለች። ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ፣ በዚያችው ድልድይ ወደ መተማ የሚጎርፈውን ሕዝብ፣ ኩመርና አውላላ የተተከለውን የስደተኞች ድንኳን በዜና ሳይ የእሷን ፊት ፈለግሁ። አላገኘሁትም።

የአጎቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ይሞክር ነበር። «ድሮ ቢሆን ምንም አትቸገሪም ነበር» አለኝ አንድ ማታ። «ማን ፍቅር ይዞሻል ብሎ ይጠይቃል? ወላጅ ከወላጅ ይነጋገራል፣ ሰማንያ ይታሰራል፣ ይኖራል። ፍቅር የሚባለው አሁን በፊልም የመጣ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የጎንደር ትዳር በአብዛኛው ለርስት፣ ለዝምድና፣ ለቤት ማቆሚያ የሚደረግ ነበር፤ ስሜት የመግቢያ ፈተና አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ ድሮ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይመች ነበር ማለት ግን አይቻልም። ያን ጊዜ ፍቅር አይጠየቅም ነበር፤ እሺታም አይጠየቅም ነበር። ይህን በደንብ የነገረችኝ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት።

ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ትመስለኛለች። ደንቢያ ተወልዳ ገና ጡት ሳታወጣ ለጎልማሳ ተዳረች። ጠፋች፣ መለሷት፤ እንደገና ጠፋች። በመጨረሻ ጥጥ ለቀማ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅላ መተማ ገባች። ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው አልኳት። እሷ «አንቺ ልጅ» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከቤቷ ስቀመጥ ሕፃናት እየገቡ ይወጣሉ፤ አንዷ ዳቦ ትወስዳለች፣ አንዷ ጸጉሯን ትሠራላታለች። የማን እንደሆኑ ብጠይቃት «የክርስትና ልጆቼ» አለች። ከዚያ ወላጆቻቸውን ቆጠረችልኝ፤ ያ ባለጋራዥ አበልጄ፣ ያቺ ነርስ አበልጄ፣ ያ ከአይከል የሚመላለሰው ሹፌር አበልጄ። ሴት ልጅ የተወለደለት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል።

ትዳሯን ጠየቅኳት፤ መጠየቅ ለእኔም አልቀረም።

«ያን የልጅነቱን ትዳር አትቁጠሪው፤ እሱ ትዳር አይደለም። ሰው ፈርታ ነው የቀረችው እንዳትዪኝ ግን። ከዚያ በኋላ ደግ ሰው ጠይቆኛል። ዓመታት ጠበቀኝ። ወደድኩት፤ እንደ ወንድሜ አድርጌ ነው። እሱ የፈለገው እንደዚያ አልነበረም። ሂድ፣ ልጅ ውለድ አልኩት። ወለደ። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ቆየሁ። በአበልጅ መካከል ጋብቻ እንደማይታሰብ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ይህች ሴትና ያ ሰው ወዳጅነታቸውን ይዘው፣ ሌላውን ነገር በቤተ ክርስቲያን ፊት ዘግተው፣ ዘመድ ሆኑ። የሚያስረዱት ሰው የለም። በሰርጉ ትጠራለች፣ በለቅሶው ፊት ትቀመጣለች፣ ልጁ ስትታመም ሐኪም ቤት የምትሮጠው እሷ ናት፤ «ምኑ ነሽ?» ስትባል መልስ አላት።

እኔ ያ መልስ የለኝም። ካናዳ ውስጥ የቅርብ ጓደኛዬ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ምኗ እንደሆንኩ ጠይቃ፣ «ጓደኛ» ስላት ወደ መጠበቂያው ክፍል መለሰችኝ። አሮማንቲክ የሆኑ ሰዎች እንዲህ ላለው ከጓደኝነት ለጠነከረ ትስስር «ክዊርፕላቶኒክ» የሚል ስም አውጥተዋል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን እኛው ብቻ ነን፤ የሆስፒታሏ ሠራተኛ አታውቀውም። ኤልዛቤት ብሬክ የምትባል ፈላስፋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ ሰው ሁሉ ጥንድ ሆኖ በፍቅር ካልኖረ ጎድሎታል የሚለውን እምነት «አማቶኖርማቲቪቲ» ብላ ጠርታዋለች፤ እምነቱ ሌላውን ወዳጅነት ሁሉ ዝቅ እንደሚያደርግ ትሟገታለች። እሷን ሳነብ ሕግ ይቀየር ብዬ ነበር። ገንዳ ውሃ ላይ ግን ሕግ እስኪቀየር ያልጠበቀ፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ወንበር አየሁ፤ ለወዳጅነት የተቀመጠ ወንበር። ስም እኔ ጋ አለ፤ ቦታው እሷ ጋ።

ቦታ አላት ማለት አልተሠቃየችም ማለት አይደለም። ዘመዶቿ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል ለጠበል አዙረዋታል። «ቆማ ቀረች» ሲባል በጆሮዋ ሰምታለች። ጠላት የሆነ ጎረቤት ሲሰድባት ምን እንደሚል ነግራኛለች፤ እኔ አልጽፈውም።

ቃሉን ነገርኳት፤ ትርጉሙንም። ቡናውን እያወረደች ሰማችኝ።

«እኔ ምን አደርግበታለሁ? እኔን ሰው እትዬ ይለኛል፣ ይበቃኛል» አለች። ቀጥላ ግን የጀበናውን አፍ ደፍና ተቀመጠች። «የክርስትና ልጄ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ጠያቂ በዝቶባታል፤ አባቷም ይገፋፋታል። ባለፈው መጥታ 'እትዬ፣ ልቤ ሞቷል መሰለኝ፣ ሐኪም ጋ ልሂድ?' ብላ አለቀሰችብኝ። እኔ 'ተዪው፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ' ስላት አላመነችኝም። እሷ የተማረች ናት፤ ለሷ በመጽሐፍ ያለ ነገር ይሻላታል። ለሷ ንገሪልኝ።»

እዚያው ደወለችላት። ልጅቱ መጀመሪያ አፈረች፤ በኋላ ግን ጥያቄዋ ተከታተለ። በሽታ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይደለም አልኳት። ሰው ስለጎዳሽ ነው የሚሉኝ እውነት ነው ወይ አለች፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ጉዳት ሊኖር ይችላል፣ ብዙው ግን እንዲሁ ነው፣ አንቺም ምክንያት የማቅረብ ዕዳ የለብሽም አልኳት። ስሞቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። ኩፒዮሮማንቲክ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ፤ ልጅ መውለድ ትወዳለች። ጥቂት አሰበችበት።

«አይ፣ ለጊዜው ዋናውን ብቻ ልያዘው። ሌላውን እያየሁ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ስሙን ከያዝኩት በኋላ ፍቅር ቢይዘኝስ?»

«ያኔ ትተይዋለሽ። ወይም ዴሚሮማንቲክ ነኝ ትያለሽ። ወይም ምንም አትዪም። ስሙ ያንቺ ነው፤ አንቺ የስሙ አይደለሽም።»

«ለሰው ልንገር?»

ይህን ስመልስ ተጠነቀቅሁ። ቃሉን ለክፍል ጓደኞቿ እንዳታወራው፣ ቃሉን ከሌላ ነገር ጋር የሚያያይዝ ሊኖር እንደሚችል፣ ለምታምናት አንዲት ሰው ብትነግር ግን እንደሚቀልላት ነገርኳት። ስሙን ለራስ መያዝና ለሌላ መንገር ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዛሬ መወሰን ይቻላል፣ ሁለተኛው ዕድሜ ልክ ቢዘገይም ስሙን አያሳንሰውም። ይህን ቶሮንቶ ውስጥ ሲባል የምሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ እዚያ መናገር ድፍረት፣ ዝምታ ፍርሃት ተደርጎ ይቆጠራል። ጎንደር ማደሪያ ውስጥ ለስድስት ለምትተኛ ልጅ ዝምታ ጥበብ ሊሆን ይችላል።

«ለአባቴስ ምን ልበለው? ለፋሲካ ሽማግሌ ይቀበላል» አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የማውቀው ስም ሁሉ ለአባቷ አይሠራም። ቃል ስፈልግ እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«አባትሽ አበልጄ ነው» አለቻት። «ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ይመጣል፤ ከእኔ ቤት ነው የሚያድረው። እኔ እነግረዋለሁ። ሽማግሌ ቢላክ የምትቀበል፣ ቢመለስም የምትመልስ የክርስትና እናትም ናት። አንቺ ፈተናሽን ጨርሺ።»